ከማገዶው ስንቱ እንጨት፣ ስንቱ ውሃ ነው?

ማገዶ ለመነገድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እንጨቱ ከየት ይገኛል፣ በስንትስ ይሸጣል ብሎ ነው። ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፦ ከምገዛው ጭነት ውስጥ ምን ያህሉ ውሃ ነው? አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ይህን በሚገባ ያልተረዳ ነጋዴ ዓመቱን ሙሉ ሲሸጥ ከርሞ ገንዘቡ የት እንደገባ ሳያውቅ በሩን ይዘጋል። የተረዳው ደግሞ በአንድ መጥረቢያ፣ በአንድ ሚዛንና በትንሽ መነሻ ገንዘብ ሥራውን ሊጀምር ይችላል።

እዚህ የምናገረው በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ ከገበሬ ማሳ ባሕር ዛፍ ገዝቶ፣ ፈልጦና አድርቆ ለዳቦ ቤት፣ ለእንጀራ ጋጋሪ፣ ለአረቄ አውጪና ለድግስ ስለሚያቀርብ አነስተኛ ነጋዴ ነው። ሥራው የተናቀ ይመስላል እንጂ አገር ያናወጠ ጉዳይ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ በማለቁ፣ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን ባለችበት እንድትቆም ከረዷት ነገሮች አንዱ በዚያው ዘመን ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬም በደጋው ነጩ፣ ዝቅ ባለውና ሞቅ ባለው አገር ደግሞ ቀዩ ባሕር ዛፍ የማገዶ ንግድ ዋና ምሰሶ ነው።

ሚዛኑ የማይናገረው

100 ኪሎ ርጥብ እንጨት ተገዛ እንበል። 50 ኪሎው እንጨት፣ 50 ኪሎው ውሃ ነው። ለማንደድ በሚመች ደረጃ ሲደርቅ፣ ማለትም ውሃው ከጠቅላላ ክብደቱ 20 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ያው 50 ኪሎ እንጨት 12 ኪሎ ተኩል ውሃ ይዞ ይቀራል። ሚዛን ላይ ሲወጣ 62 ኪሎ ተኩል ነው። የቀረው 37 ኪሎ ተኩል በፀሐይና በነፋስ ሄዷል። አንድም ፍልጥ ሳይሰረቅ፣ አንድም ፍልጥ ሳይሸጥ ከመቶው ከሠላሳ ሰባት በላይ ጎድሏል።

ይህ በዋጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ እንየው። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌቱ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰው የአካባቢውን ዋጋ ይተካባቸው። 10 ኩንታል ርጥብ እንጨት በ4,000 ብር ተገዛ። ለማጓጓዣ 1,500፣ ለመጫንና ለማውረድ 600፣ ለማስፈለጥ 900፣ ለቦታ ኪራይ ድርሻ 300 ብር ወጣ። ጠቅላላው 7,300 ብር ነው። ነጋዴው ይህን ለ1,000 ኪሎ ያካፍልና ‹‹አንዱ ኪሎ 7 ብር ከ30 ወጣብኝ፤ በ10 ብር ብሸጠው ጥሩ አተርፋለሁ›› ይላል። እንጨቱ ሲደርቅ ግን 625 ኪሎ ሆኗል። በፍለጣ ለሚራገፈው ልጥና ስብርባሪ 5 በመቶ ብንቀንስለት የሚሸጠው 594 ኪሎ ገደማ ነው። እውነተኛው የአንድ ኪሎ ወጪ 12 ብር ከ29 ሳንቲም ነው። በ10 ብር ከሸጠው ከዚህ አንድ ጭነት ብቻ 1,360 ብር ያህል ይከስራል፤ ኪሳራውንም ከእጁ ላይ ገንዘብ ስለሚያይ ወዲያው አያውቀውም።

እዚህ ላይ ፈተና ይመጣል። ሳይደርቅ ቶሎ በኪሎ መሸጥ! እንዲህ የሚያደርግ ሰው ውሃ በማገዶ ዋጋ እየሸጠ ነውና እኔ ይህን ከሌብነት ለይቼ አላየውም። ገዢው የሚያጣው ክብደት ብቻ አይደለም። ፍጹም የደረቀ እንጨት በኪሎ ከ18 እስከ 19 ሜጋጁል (የሙቀት ጉልበት መለኪያ ነው) ሙቀት ይሰጣል። ውሃው 20 በመቶ ሲሆን ሙቀቱ ወደ 14 ይወርዳል፤ ግማሹ ውሃ የሆነ እንጨት ግን ከ8 ብዙም አይበልጥም፤ ምክንያቱም እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ አፍልቶ በእንፋሎት ማስወጣት አለበት። ርጥብ ማገዶ የገዛች ጋጋሪ ለአንድ ምጣድ እንጀራ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ክብደት ታነዳለች፤ ጭሱንም በዓይኗና በሳንባዋ ትከፍላለች። በኩሽና ጭስ የሚታመሙት ደግሞ በአብዛኛው እናቶችና በጀርባቸው የሚታዘሉ ሕፃናት ናቸው። ከእንጦጦ በጀርባቸው ማገዶ የሚያወርዱ ሴቶች ደረቁን ቅርንጫፍና ጭራሮ የሚመርጡት በትከሻቸው ስለሚያውቁት ነው፤ ለእነርሱ ከሸክሙ ውስጥ ያለው ውሃ ትርፉ ድካም ብቻ ነው።

ርጥበቱን ለመለካት ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ የኤሌክትሪክ መለኪያ አለ። ሲገዙት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚያሳዩት ውሃው ከደረቁ እንጨት አንጻር ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፤ እኔ ከላይ የተጠቀምኩት ግን ከጠቅላላው ክብደት አንጻር ነው። ስለዚህ በመሣሪያው 25 የሚለው በእኔ ስሌት 20 ነው፤ በእኔ ስሌት 50 የሆነው በዚያኛው 100 ይሆናል። ሻጭና ገዢ ‹‹ርጥበቱ ይህን ያህል ነው›› ብለው ሲዋዋሉ በየትኛው እንደሚቆጥሩ ካልተነጋገሩ ጠብ አይቀርም። መርፌውም የሚወጋው ፍልጡ እንደገና ተሰንጥቆ በውስጠኛው ገጽ ላይ ነው። ውጩ በአንድ ሳምንት ፀሐይ ደርቆ ውስጡ ርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

መሣሪያው ከሌለ ሚዛን ይበቃል። ከክምሩ የተለያየ ቦታ አራት አምስት ፍልጥ መርጦ በከሰል ቁጥር መጻፍ፣ በየሳምንቱ በዚያው ሚዛን መመዘንና በደብተር ማስፈር ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም የአየሩን ያህል ደርቋል ማለት ነው። ይበልጥ ትክክለኛ ውጤት የሚፈልግ ሰው ከመካከሉ ቀጭን ቁራጭ መዝኖ ለዳቦ ጋጋሪ ደንበኛው ይስጥ፤ ሥራ ካበቃ በኋላ በሚቀረው የምድጃ ሙቀት፣ ሳያከስል በ100 ዲግሪ አካባቢ እስከ ማግስቱ ቆይቶ እንደገና ይመዘን። በሁለቱ ክብደቶች መካከል ያለው ልዩነት ውሃው ነው። ልምድ ያለው እጅ ደግሞ ሌሎች ምልክቶች ያነባል፦ የፍልጡ ጫፍ በጨረር መልክ ይሰነጣጠቃል፣ ልጡ ይላቀቃል፣ ሁለት ፍልጥ ሲጋጩ ድምፃቸው ከመደፈን ወደ ጥርት ያለ ቅጭልታ ይለወጣል።

ቁሙን ሲገዙ

አብዛኛው ገበሬ ዛፉን የሚሸጠው በቁሙ ነው። ‹‹ይህን መደብ በይህን ያህል›› ይባላል፤ ዋጋው የሚቆረጠው በዓይን ግምት ነው። በዚህ ግምት የሚጎዳው አንዳንዴ ነጋዴው፣ ብዙ ጊዜ ግን ገበሬው ነው። የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ዱላ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልሉታል።

የዛፉ ዙሪያ ከመሬት 1.30 ሜትር ከፍ ብሎ፣ በአዋቂ ሰው ደረት አካባቢ ይለካል። ለቁመቱ ደግሞ ክንድ ሲዘረጋ ከዓይን እስከ ጡጫ ካለው ርቀት ጋር እኩል የሆነ ዱላ ይዘጋጃል። ዱላውን በተዘረጋው እጅ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ጫፉና ግርጌው ከዛፉ ጫፍና ግርጌ ጋር እስኪገጥሙ ድረስ ወደ ኋላ መሄድ ነው። መሬቱ ሜዳ ከሆነ፣ ከቆሙበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ከዚያ ዙሪያውን በሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ ለ12.57 ማካፈል፣ በቁመቱ ማባዛትና ዛፉ ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ በመጨረሻ በ0.45 ማባዛት። ዙሪያው 50 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 14 ሜትር የሆነ ባሕር ዛፍ 0.125 ሜትር ኩብ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስምንት ዛፍ አንድ ሜትር ኩብ ድፍን እንጨት ነው፤ ርጥቡን አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ሲደርቅ ከስድስት ኩንታል ብዙ አይበልጥም። ከማሳው ጥቂት ወፍራም፣ ጥቂት መካከለኛ፣ ጥቂት ቀጭን ዛፎች ለክቶ፣ የየዓይነቱን ቁጥር ቆጥሮ ማባዛት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከመቁረጥ በፊት ግን ቀጥ ያለውን ከጠማማው መለየት ያስፈልጋል። ቀጥ ብሎ ያደገው ለአጣና፣ ለቋሚና ለማገር ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ ከማገዶ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ጠማማው፣ ጫፉ፣ ቅርንጫፉና ለአጣና የወፈረው ለማገዶ ይሁን። ቅጠሉና ጭራሮውም ለምጣድ ይፈለጋል፤ የማን እንደሚሆን አስቀድሞ መስማማት ይሻላል።

ገበሬውን በእውነት የሚጎዳው ሌላ ነገር አቆራረጡ ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆረጣል፤ አንዱ ጉቶ ብዙ ዙር ይሰጣል። ይህ የሚሆነው ግን ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ተብሎ፣ ልጡ ሳይላቀቅ፣ ዝናብ እንዳይተኛበት ዘንበል ተደርጎ በመጋዝ ሲቆረጥ ነው። በመጥረቢያ የተቦጫጨቀ ጉቶ ይበሰብሳል ወይም ቡቃያው በነፋስ ይገነጠላል። የጉቶውን ጉዳይ በውሉ ላይ ያሰፈረ ነጋዴ ከዓመታት በኋላ የሚመለስበት ማሳ ይኖረዋል።

የሰነዱን ነገር በአጭሩ ላንሣው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በሥራ ላይ ነው፤ የደን ውጤት ከቦታ ወደ ቦታ ሲጓጓዝ ፈቃድ ይጠየቃል። ዝርዝር አሠራሩ ከክልል ክልል ስለሚለያይ፣ መኪና ከመከራየት በፊት ወደ ወረዳው የግብርና ወይም የደን ጽሕፈት ቤት መሄድ ይገባል። የገበሬው የይዞታ ደብተርና ከቀበሌ የሚሰጥ ማረጋገጫ መያዙ ይጠቅማል። ኬላ ላይ የቆመ ጭነት በየቀኑ የመኪና ኪራይ ይበላል። ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ለሆቴልና ለድርጅት ለመሸጥ ግድ ናቸው። እንደ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጽድና ዋንዛ ያሉትን አገር በቀል ዛፎች ደግሞ ማንም ርካሽ አድርጎ ቢያመጣቸው አለመግዛት ነው። አንድ ዝግባ ለማደግ የሚፈጅበትን ዕድሜ የሚያስብ ሰው ለአንድ ቀን እሳት አይከፍለውም።

መጥረቢያና ሽብልቅ

ለፍለጣ የሚሆነው መጥረቢያና ለመቁረጥ የሚሆነው አንድ አይደሉም። የመቁረጫው ስስና የተሳለ ነው፤ በፍለጣ ላይ ግን እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። የፍለጣው ጉንጩ ሰፊ፣ ክብደቱ ጠንከር ያለ መሆን አለበት፤ ሥራው ክሩን መበጠስ ሳይሆን መለያየት ነው። ዛቢያው ከወይራ ቢሆን ይመረጣል። በየጠዋቱ ራሱ ላልቶ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ከዛቢያው የወለቀ መጥረቢያ ሰው ይገድላል።

ባሕር ዛፍ የሚፈለጠው ርጥብ ሳለ ነው። ሲደርቅ፣ በተለይ ክሩ የተጠማዘዘ ከሆነ፣ እንደ ብረት ይጠነክራል፤ ያልተፈለጠ ግንድ ደግሞ ልጡ ውሃውን ስለሚያግትበት ለመድረቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በተቆረጠ በቀናት ውስጥ ማስፈለጥ ጉልበትንም ጊዜንም ይቆጥባል። ወፍራም ግንድ መካከሉን ከመምታት ይልቅ ከዳር ከዳሩ እየላጡ ወደ ልቡ መግባት ይቀላል። እምቢ ያለውን በብረት ሽብልቅና በከባድ መዶሻ ነው። በመጥረቢያ ጀርባ ሽብልቅ መምታት የመጥረቢያውን ዓይን ይሰነጥቃል። የሽብልቁ ራስ ተመትቶ ሲያብብ ዳሩ ተሰብሮ እንደ ጥይት ስለሚፈናጠር በሞረድ ማስተካከል ያስፈልጋል። የዓይን መከላከያ መነጽርና ጠንካራ ጫማ ለፈላጩ መግዛት የአሠሪው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቀን ሠራተኛ ዓይኑ ከጠፋ የሚያኖረው የለውም።

የሞተር መጋዝ ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን ቤንዚን፣ የሰንሰለት ዘይት፣ ሞረድና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። የመጋዙ ምላስ ጫፍ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊት ስለሚነሣ፣ ያልሠለጠነ ሰው ከነጭራሹ ሊነካው አይገባም። በሳምንት አንድ መኪና የማይሞላ እንጨት ለሚሸጥ ሰው በቀን ተከራይቶ ማስቆረጥ ይሻለዋል።

የፍልጡ ርዝመትና ውፍረት የሚወሰነው በደንበኛው ምድጃ ነው። እንጀራ ጋጋሪ ከምጣዱ በታች እኩል የሚዳረስ ፈጣን ነበልባል ስለምትሻ ቀጭን ፍልጥ፣ ጭራሮና ቅጠል ትፈልጋለች። አረቄ የምታወጣ ሴት እሳቱ ሳይዋዥቅ ለሰዓታት እንዲቆይላት ወፈር ያለውን ትመርጣለች። ዳቦ ቤት ረጅም ፍልጥ ይቀበላል። ምርጥ የሚባለው ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ያላት ደግሞ በአፉ የሚገባውን አጭርና ቀጭን ትፈልጋለች፤ ይህ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ደንበኛዬ ቆጣቢ ምድጃ ከገዛች ገበያዬ ይቀንሳል ብሎ የሚፈራ ነጋዴ አለ። ምድጃዋ የሚሠራው በደረቅ እንጨት ነውና፣ በደንብ ያደረቀ ሻጭ ያቺን ደንበኛ አያጣትም።

ክምር፣ ጭነትና ልኬት

ፍልጥ መሬት ላይ አይከመርም። ከሥር ሁለት አግዳሚ ግንድ ወይም ድንጋይ ተደርጎ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ ያለዚያ የታችኛው ረድፍ የምስጥና የርጥበት ነው። ክምሩ ጠባብና ረጅም ሆኖ ሰፊ ጎኑ ነፋስ ወደሚመጣበት ይዙር። ላዩ በቆርቆሮ ወይም በሸራ ይሸፈን፣ ጎኖቹ ግን ክፍት ይሁኑ፤ ዙሪያውን በላስቲክ የተጠቀለለ ክምር ይሻግታል። በበጋ ቀጭን ፍልጥ በሁለትና በሦስት ወር ይደርሳል፤ ወፍራሙ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጥ ዘይት ስላለው ፈጥኖ ይያያዛል፤ በግቢው ማንም እንዳያጨስ፣ በክምርና በክምር መካከል መተላለፊያ እንዲኖር ማድረግ ቸል የሚባል ነገር አይደለም።

ከተቻለ ደግሞ ማድረቁ እዚያው ማሳው አጠገብ ይጀመር። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ርጥብ እንጨት ሲሞላ 25 ኩንታል ውሃ ተሸክሞ ይጓዛል፤ በደረቁ ሲሞላ የሚሸከመው ውሃ 10 ኩንታል ነው። ሆኖም ደረቅ እንጨት ከክብደቱ በፊት ቦታውን ሊሞላ ስለሚችል በረድፍ ማስደርደር ያስፈልጋል። በደንብ የተደረደረ አንድ ሜትር ኩብ ክምር ውስጥ ድፍኑ እንጨት 0.65 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ የቀረው አየር ነው። እንዲያው ተወርውሮ የተቆለለ ከሆነ እንጨቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ‹‹አንድ መኪና እንጨት›› ብሎ የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት ካላየ ብዙ አየር ገዝቶ ይመለሳል።

ስለ ሽያጭ ልኬት ያለኝ አቋም ይህ ነው፦ ርጥብ እንጨት ተደርድሮ በሜትር ኩብ መጠን ይገዛ፣ ደረቁም ተደርድሮ በዚያው መጠን ወይም በእስር ይሸጥ። መጠን እንደ ክብደት በውሃ አያብጥምና ሁለቱም ወገኖች የሚያዩትን ይዋዋላሉ። ለዚህ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ማዕቀፍ ሠርቶ በግቢው ማቆም ይበቃል፤ ፍልጡ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሁለት ረድፍ አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል። ለችርቻሮ ደግሞ ከፌሮ ብረት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ማስበየድ። በዚያ ቀለበት የሞላ፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የደረቅ ፍልጥ እስር 12 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ቀለበቱ በደጃፍ ይሰቀል፤ ገዢዋ ራሷ ሞልታ ትመልከተው።

የዓመቱ አቆጣጠርም ከዚህ ይነሣል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ደረቅ ማገዶ ይጠፋል፣ ዋጋው ይወጣል፤ የእንቁጣጣሽ ጠላም የሚጠነሰሰው በዚያው ዝናብ መካከል ነው። ለክረምት የሚሸጠው እንጨት ግን ቢዘገይ በየካቲት ተቆርጦ ተፈልጦ መከመር አለበት። ይህ ማለት ገንዘቡ ከአራት ወር በላይ ክምር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፦ ያላቸውን ሁሉ እንጨት ላይ አውለው፣ የቤት ኪራይ ሲደርስ ያልደረቀውን ያወጡታል። ስለዚህ ካፒታሉን ለሦስት መክፈል ይበጃል፦ አንዱ ለክረምት የሚከመር፣ ሁለተኛው ለየሳምንቱ ሽያጭ የሚዞር፣ ሦስተኛው ለኪራይና ለቀለብ የማይነካ።

ዱቤን በተመለከተ፣ ለሆቴልና ለዳቦ ቤት ሳይሰጡ መነገድ ይከብዳል። ያለ ፊርማ ግን አይሰጥም። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ የሜትር ኩቡ መጠን፣ የዚያ ዕለት ዋጋና የተቀባዩ ፊርማ ይስፈር፤ ያለፈው ጭነት ሳይከፈል ሁለተኛው አይራገፍ። ከትልልቅ ደንበኞች ጋር ከግንቦት በፊት ለክረምቱ መዋዋልና ከዋጋው ሲሶውን በቅድሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ በነሐሴ ደረቅ ፍልጥ ፍለጋ ተንከራትቶ የሚያውቅ ዳቦ ጋጋሪ ይህን ጥያቄ ሲሰማ አይቆጣም።